ክፍሉን ለተገልጋዩ መልቀቅ፦ በምክር ሥራ ቦታን ስለመጠቀም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በግል ቢሮ ለሚሠሩ የሥነ ልቦና አማካሪዎች፣ የአእምሮ ጤና ነርሶችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ነው። ምክር መስጠትን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው እንጂ ለጀማሪ የተጻፈ አይደለም።

«ቦታን መጠቀም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ስለ ውስጡ ሲናገር ሳያስበው ስለ ቦታ ይናገራል። «ዓለም ጠበበችኝ»፣ «ሰማይ ተደፋብኝ»፣ «ልቤ ተንጠልጥሏል»፣ «ያ ነገር ከኋላዬ አይለቀኝም»፣ «ሆዴ ውስጥ ቋጠሮ አለ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አማካሪው ይህን የአነጋገር ለዛ አድርጎ ሰምቶ ያልፈዋል። እዚህ ግን ቃሉ እንዳለ ይወሰዳል። ከኋላ ነው ካሉ ከኋላ የት ጋ ነው? ስንት ክንድ ይርቃል? ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቢያዩትስ? ተገልጋዩ ይነሳል፣ ቦታ ይመርጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ሆኖ ያየውን ይናገራል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለዓመታት አንድ ዓይነት ታሪክ ሲደግም የኖረ ሰው ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሌላ ነገር ሊታየው ይችላል።

ከየት የመጣ ነው?

ከአንድ ቦታ አይደለም። ያዕቆብ ሞሬኖ (1889–1974 እ.ኤ.አ.) ሕመምን በመድረክ ላይ በድርጊት ማሳየትን ወደ ሕክምና አስገባ። ፍሪትዝ ፐርልስ ባዶ ወንበርን፣ ማለትም የሌለን ሰው ፊት ለፊት ባለ ወንበር ላይ እንዳለ አድርጎ ማናገርን፣ በሰፊው አስተዋወቀ። ማርጋሬት ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ሕፃናት በአሸዋ ሳጥንና በትናንሽ ቅርጾች ዓለማቸውን እንዲሠሩ አደረገች፤ ስዊዘርላንዳዊቷ ዶራ ካልፍ ደግሞ ያንን ይዛ የአሸዋ ጨዋታ ሕክምናን አዳበረች። ኒውዚላንዳዊው ዴቪድ ግሮቭ (1950–2008 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአማካሪውን ቃል ከጥያቄው የሚያወጣ «ንጹሕ ቋንቋ» የሚባል አጠያየቅ አበጀ። በኋላም ያንኑ ወደ ወለሉ አውርዶ «ንጹሕ ቦታ» አለው። ከታች በብዛት የምንናገረው ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው፤ ዕቃ አይፈልግም፣ ሲሳሳቱበትም ጉዳቱ ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ምን ያህል ክፍል ያስፈልጋል? የእኛ ቢሮ ጠባብ ነው።

3 በ3 ሜትር ይበቃል። ጠረጴዛውን ግድግዳ ጋ አስጠጉ፣ ትርፍ ወንበሮችን አውጡ። ከስፋቱ ይልቅ የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው።

ወለሉ ሊሾ ሆኖ ሰም የተቀባ ከሆነ ወረቀት ሲረገጥ ይንሸራተታል፤ ሰው ይወድቃል። አቧራማ ስሚንቶ ከሆነ ደግሞ ፕላስተር አይይዝም። ለሁለቱም መላው አንድ ነው፦ ወረቀቱን ሰው ከሚቆምበት አጠገብ አስቀምጦ ትንሽ ጠጠር መጫን።

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናቡ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም። ጮክ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሥራውን ይገድለዋል። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከፈረቃ የወጣ ሠራተኛ ለ40 ደቂቃ ቁም ቢባል እግሩ ነው የሚናገረው። እያንዳንዱ ቦታ ላይ መቀመጥ እንደሚቻል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አንድ ቀላል ዱካ ይዞ ይንቀሳቀስ።

ግቢ ውስጥ ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ መሥራት ያምራል ብለው የሚጠይቁ አሉ። አይሆንም። ደሴ ሰው ለሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ አላፊው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል።

ዕቃውስ?

ስድስት ኤ4 ወረቀት በአራት በአራት ሲቆረጥ 24 ቁራጭ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው ይተርፋል። አንድ ወፍራም እስክሪብቶ። አሥር ጠጠር። ሌላ የለም።

እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል ንገሩን።

ከ50 ደቂቃው ውስጥ 10ሩን ለመነሻ፣ 30 ያህሉን ለቦታው፣ የቀረውን ለመዝጊያ ያዙ።

1. ተገልጋዩ ጉዳዩን በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፋል ወይም ይሥላል። አንድ ቃል ወይም አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ዕቃ ይምረጥ፤ ነጠላውን ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ አለ።

2. «ይህን መሆን ያለበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት።» መሬት፣ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ከበሩ ውጭም ሊሆን ይችላል።

3. «እርስዎም ከእሱ አንጻር መሆን ያለብዎት ቦታ ላይ ይሁኑ።» ከዚያ፦ «ቦታው ልክ ነው? ከፍታውስ? የዞሩበት አቅጣጫስ?» ይህን አትዝለሉት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው አማካሪው ደስ ይለዋል ብሎ ባሰበበት ነው፤ ሲጠየቅ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይላል ወይም ፊቱን ያዞራል። ያቺ ግማሽ እርምጃ ናት የራሱ።

4. «ከዚህ ቦታ ሆነው የሚያውቁት ምንድን ነው?» ሲጨርስ፦ «ከዚህ ሆነው ስለዚያስ ሌላ የሚያውቁት አለ?»

5. ለቦታው ስም ይስጥ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እዚያው ይተወው። ስሙን እሱ ነው የሚያወጣው።

6. «አሁን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።» ከዚያ ቁጥር 4ን እና 5ን መድገም። እስከ ስድስት ቦታ ድረስ እንዲሁ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ብዙ ጊዜ «በቃ፣ ሌላ የለም» ይመጣል። አማካሪዎች እዚህ ጋ ይደነግጡና ያቆሙታል፤ ተገልጋዩ ግን የጨረሰው የሚያውቀውን ነው እንጂ ያላወቀውን ገና አልነካም። በእርጋታ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ጠይቁ። አሁንም የለም ካለ የለም ነው።

7. ከየቦታው ሌሎቹን ቦታዎች እንዲያይ ጠይቁ፦ «ከዚህ ሆነው ስለ ‹በሩ ጥግ› የሚያውቁት ምንድን ነው?»

8. ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመለሳል። «አሁንስ ከዚህ ሆነው የሚያውቁት ምንድን ነው? መጀመሪያ ከነበረው ምን ተለየ?» እዚህ ላይ ይቆማል። ልዩነቱን እናንተ አታጠቃልሉለት።

አንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ይቻላል?

ለማሳያ የተዘጋጀ ነው እንጂ የማንም ታሪክ አይደለም። አንዲት መምህርት ወረቀቷ ላይ «ለእህቴ እምቢ ማለት» ብላ ጻፈች እንበል። ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። እሷ ክፍሉ መሃል ቆመች፤ ልክ ነው ወይ ስትባል ግን ሦስት ጋት ወደ ግድግዳው ተጠጋች። «ከዚህ ያለሁት እኔ ጥፋተኛ ነኝ» አለች፤ ስሙን «ጥፋት» አለችው። ሁለተኛው በሩ ጋ ነው። «ከዚህ ወረቀቷ ትንሽ ናት» አለች። ሦስተኛው ቦታ የአማካሪው ወንበር ያለበት ሆኖ ተገኘ። አማካሪው ምንም ሳይል ወንበሩን አንስቶ ተነሳላት፤ ትክክል አደረገ። አራተኛው ላይ ቁጢጥ ብላ፦ «ከዚህ ሆኜ ሳይ የምታየኝ እህቴ አይደለችም፣ እናቴ ናት።» አምስተኛው ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም። ስድስተኛው ወረቀቷ አጠገብ ነበር። ወደ መጀመሪያው ስትመለስ፦ «የምለው እምቢ አይደለም። ‹ቆይ› ነው የምለው» አለች።

አማካሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ ያዋጣው ቃል አለመኖሩን አስተውሉ። «ቆይ»ን ማንም አማካሪ አስቦ አያመጣውም ነበር።

ጥያቄዎቹ በአማርኛ አይጎረብጡም?

ይጎረብጣሉ፤ ለዚህ ነው ቃል በቃል መመለስ የማይበጀው። «ምን ታውቃለህ?» በእኛ ቋንቋ የጠብ መጀመሪያ ነው። ቦታውን አስቀድሙ፣ ግሱን ወደኋላ አድርጉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጉ፦ «ከዚህ ቦታ ሆነው… የሚያውቁት ምንድን ነው?» ጥያቄው ፈተና መምሰሉን ያቆማል። «ምን ይሰማዎታል?» አይተካውም፤ ተገልጋዩን ስሜት ብቻ ፈልግ ማለት ነው። ያየው ሥዕል ወይም የሰማው ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጾታ ነው። ተገልጋዩ «ያቺ ድንጋይ» ካለ እናንተም «ያቺ ድንጋይ»። «ያ ድንጋይ» ብትሉ ድንጋዩን አገዘፋችሁበት። እሱ «ያ ቋጠሮ» ያለውን «ያቺ ቋጠሮ» ብትሉ ደግሞ አሳነሳችሁት ወይም አቆላመጣችሁት። አማርኛ ላይ አንዲት ፊደል የሰውየውን ዓለም መጠን ትለውጣለች።

ሦስተኛው አክብሮት ነው። አንዲት ሴት «ይሄ የሰባት ዓመቷ እኔ ያለችበት ነው» ብላ ስትቆም አማካሪው ሳይታወቀው ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ይወርዳል። እሷ ራሷ ካልለወጠችው አትለውጡት።

አራተኛው ወሎ ላይ የሚበረታ ነው፦ «አብሽሩ»። ቃሉ ደግ ነው፤ ሰው ሲያለቅስ ከአፍ ቀድሞ ይወጣል። ነገር ግን ተገልጋዩ ገና እያየ ያለውን ነገር ይዘጋዋል፤ አጽናኝ መጥቷልና እሱም እንደ ጨዋ እንባውን ይጠርጋል። «አብሽሩ»ን ለመዝጊያው አቆዩት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የት ጋ ነው?

አማካሪው ዝም ብሎ መቆም ሲያቅተው ነው። ጣቱን ይቀስራል፤ ጣቱ ራሱ መንገድ ያሳያል። ወረቀት ሲያልፍ ይረግጣል። «ጎበዝ!» ይላል፤ ተገልጋዩ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ጎበዝ የሚያስብል ቦታ ይሆናል። ፊት ለፊት ይቆማል። አብሮ መንቀሳቀስ ካለባችሁ ከጎንና በትንሹ ከኋላ፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቃችሁ ሁኑ። ዓይን ለዓይን መተያየት አያስፈልግም፤ ተገልጋዩ ማየት ያለበት ዓለሙን ነው።

ትርጉም መስጠትም አለ። «ከበሩ አጠገብ የቆሙት መሸሽ ፈልገው ነው አይደል?» ምናልባት ነው። ምናልባት ደግሞ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል።

ተገልጋዬ መነሳት ያፍራል። ምን ላድርግ?

አታስገድዱት፤ ጠረጴዛ ላይ አውርዱለት። ለዚህ ከረከቦትና ከስኒ የተሻለ ዕቃ አላገኘንም። ረከቦቱ ቤቱ ነው፣ ስኒዎቹ ሰዎቹ ናቸው፤ ስድስት ስኒ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል፣ ካነሰ ጠጠር ይጨመራል። «ራስዎን ያስቀምጡ። ከዚያ ሌሎቹን።» ከዚያ ርቀቱን በስንዝርና በጣት ጠይቁ፣ የስኒው ጆሮ ወዴት እንደዞረ ጠይቁ፣ የተደፋ ስኒ ካለ «የተደፋው ስኒ…?» ብላችሁ ዝም በሉ። ከረከቦቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ስኒ ሁልጊዜ የተጠላ ሰው አይደለም፤ ዓረብ አገር የሄደች ልጅም ልትሆን ትችላለች። ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

ስኒው ባዶ ይሁን። ቡናው ከቀረበ ወሬው ወደ ቡና ይሄዳል።

ባዶ ወንበርስ? የሞተን ሰው ማናገር እዚህ አገር ይቻላል?

በጥንቃቄ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ወንበር፣ ርቀቱንና ማዕዘኑን ተገልጋዩ ይወስናል፣ ባዶው ላይ ማን እንዳለ ይናገራል፣ ያናግረዋል፤ ካስፈለገ ተነስቶ እዚያ ተቀምጦ በዚያ ሰው አፍ ይመልሳል፣ በመጨረሻም ወደ ራሱ ወንበር ይመለሳል። የራሱ ወንበር ላይ ሳይመለስ ክፍለ ጊዜው አያልቅም።

ሦስት ነገር ግን አለ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ተገልጋይ ሙት መጥራት ሊመስለውና ሊከፋው ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ «መንፈስ አንጠራም፤ እርስዎ ውስጥ የቀረውን ንግግር ነው የምናወጣው» በሉት፤ ካልተዋጠለት ተዉት፣ ለሟቹ ደብዳቤ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የአባቱን ወንበር ላይ መቀመጥ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ ነውር ነው። ከወንበሩ ኋላ ቆሞ እጁን መደገፊያው ላይ ያድርግ፣ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሐዘኑ ገና ትኩስ ከሆነ አትጀምሩ። ለቅሶ ቤቱ የራሱን ሥራ ይሥራ።

ከደብዳቢ ባል ጋር እየኖረች ላለች ሴት ባሏን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ተናገሪው» ማለት አደጋ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያገኘችውን ድፍረት ማታ ቤት ይዛው ትገባለች።

የአሸዋ ሳጥን እዚህ ማሠራት እንችላለን?

ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። የተለመደው ልክ በውስጥ 72 በ57 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንገት ሳይዞር በአንድ እይታ እንዲታይ ነው ልኩ። ወለሉና የውስጥ ጎኑ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ አሸዋው ሲገፈፍ ውሃ፣ ቀና ሲባል ሰማይ ይሆናል። ታቹ ስስ ኮምፔርሳቶ ከሆነ ይሰረጉዳል። እስከ ግማሽ ሲሞላ 14 ሊትር ገደማ አሸዋ ነው፣ ደረቁ ከ20 ኪሎ ያልፋል።

የግንባታ አሸዋ በወንፊት ተነፍቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ፣ ላስቲክ ላይ ፀሐይ ይመታል። በክረምት ደሴ ላይ አይደርቅም፤ በበጋ አዘጋጁት ወይም ኮምቦልቻ አስደርቁት። በደንብ ያልታጠበ አሸዋ ጭቃ ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል፤ ትልቅ ሰው ያኔ እጁን ይሰበስባል።

ለቅርጾቹ መግዛት አያስፈልግም። ከሸክላ የተሠሩ ሰዎችና ከብቶች፣ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ዝርግ እንጨት፣ የመኪና መጫወቻ፣ ትንሽ ጀበና ይበቃሉ። መስቀልም ጨረቃም ይኑር ወይም ሁለቱም ይቅሩ። የወታደርና የጠመንጃ ቅርጽ ይውጣ ወይስ ይግባ የሚለው ያከራክራል። የእኛ አቋም ይግባ ነው፤ መደርደሪያው ጥግ ላይ፣ ከፊት ሳይሆን። ከልጁ ዕቃውን ብትደብቁበት ጦርነቱን አትደብቁበትም።

በጦርነቱ የተጎዳ ሰው ላይ ልጠቀምበት?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ከነካ ወዲህ ይህ ጥያቄ አይቀርም። መልሱ «አዎ፣ ግን ወደ ቦታው አታስገቡት» ነው። ያንን ቀን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ግባበት ማለት አይደለም ሥራው። ያ ቀን የት መሆን እንዳለበት እሱ ይወስን፤ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከጦሳ ተራራ ማዶ ቢያደርገው ይሁን። እሱ የሚቆምበት ቦታ በሩን የሚያይ ይሁን፣ ከበሩና ከእሱ መሃል ማንም አይቁም፣ በሩ አይቆለፍ።

ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ስሙ ሲጠራ ካልመለሰ ጥያቄውን አቁሙ። «ወለሉን በእግርዎ ይጫኑ። ክፍሉ ውስጥ የሚያዩትን አምስት ነገር ይንገሩኝ።» ከዚያ ወደ ወንበሩ። በዚያ ቀን ወደ ቦታዎቹ አይመለስም።

ለማን አይሆንም?

ድምፅ ለሚሰማው ወይም የሌለ ለሚታየው ሰው፣ ስሜቱ ከልክ በላይ ለተነሳበት፣ ራሱን ለመግደል እያሰበ ላለ ሰው (መጀመሪያ ደህንነቱ፣ ሐኪም፣ ቤተሰብ)፣ ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ ለመጣ። ደም ግፊት ኖሮበት ሲነሳ ለሚያዞረው ሰው ጠረጴዛውን ተጠቀሙ።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

የተሻለው በማስታወሻ ላይ አራት ማዕዘን ሥላችሁ በርና መስኮቱን ምልክት አድርጎ ቦታዎቹን በቁጥር ማስፈር ነው። ስልክ ሲወጣ ተገልጋዩ ራሱን ከውጭ ማየት ይጀምራል። የአሸዋ ሳጥን ብቻ፣ በፈቃድ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ይነሳል።

በመጨረሻ ወረቀቶቹን ማን ይሰብስብ?

ተገልጋዩ፣ በፈለገው ቅደም ተከተል። እናንተ አጎንብሳችሁ አትልቀሙ። አንዱን ኪሱ ከትቶ፣ ሌላውን ቀዶ፣ ሦስተኛውን «ይኼ እዚህ ይቆይ» ሊል ይችላል። የሚቆየውን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ በስሙ ሳይሆን በመዝገብ ቁጥሩ አስቀምጡ። የአሸዋውን ሳጥን ግን በተቃራኒው፣ እሱ በሩን ወጥቶ ከሄደ በኋላ እናንተ አፍርሱት፤ የሠራውን ዓለም ሳይፈርስ ይዞት ይሂድ።